ዘፋኙ መሃል ቆሟል

መስከረም 18

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ የሰው አገር ሰው ሁሉ እንዴት ይዞሻል? እኛ አለን። እናትሽም አለች፤ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ «ጽሑፍህ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ልጅቷ በምን ታነበዋለች» እያለች ትነዘንዘኛለች። አንቺ ስታነቢው ጥፋቱ የኔ ሳይሆን ክንዴን የምትገፋው የእናትሽ መሆኑን ዕወቂልኝ።

ወሬ አለኝ። አሮጌው ሲኒማ ቤት ሊፈርስ ነው ተብሎ ዕቃው ሲሸጥ፣ ከመጋዘኑ ጥግ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አገኘሁ። ከወገቤ በላይ ይደርሳሉ፤ ሣጥናቸው ወፍራም እንጨት ነው፤ አራት ሰው ተጋግዞ ነው ያስገባልኝ። እናትሽ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸውና «ሁለት ቁም ሣጥን ምን ሊያደርግልህ ነው፣ ልብስ የለህ» አለች። ውስጣቸው ግን ጤነኛ ነው። ድምፁን የሚያወጣው ትልቁ ወረቀት አልተቀደደም፣ ማግኔቱም ኃይሉ እንዳለ ነው። ወረቀቱን ዙሪያውን የያዘው የስፖንጅ ቀለበት ብቻ በእርጅና በስብሷል፤ ስነካው እንደ ደረቀ ኬክ ተፈረፈረ።

ጡረታ የወጣ የራዲዮ ጠጋኝ እንዲህ ያለ ነገር ካላገኘ በምን ቀኑን ይገፋል? ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። እንደምታውቂው ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም፤ በአንድ ጆሮ ደግሞ በሁለት ስፒከር ላይ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ የቤታችን ደንብ ያው ነው። እናትሽ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ሣጥኖቹን ግራና ቀኝ እገፋለሁ። ዘፋኙ ከሁለቱ መካከል፣ ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ሲመስላት «መሃል ቆሟል» ትላለች፤ ያኔ እጄን እታጠባለሁ። የትምህርት ቤቱን ስፒከሮች የሠራሁ ጊዜ የአንዱን ቀይና ጥቁር ገመድ አገለባብጬ ስከፍተው፣ እሷ ገና ጓዳ ሆና «ሰውዬውን የት አደረስከው?» ያለችው ትዝ ይልሻል? ወንበሩ ላይ እንኳ አልተቀመጠችም ነበር።

አሁን የምለምንሽ ሁለት የስፖንጅ ቀለበትና ማጣበቂያውን ነው። እዚህ የለም። የወረቀቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ሃያ አምስት ሴንቲ ተኩል ነው፤ ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ።

እናትሽን ትንሽ ሳል ይዟታል። ሐኪም አይቷታል፣ አታስቢ። ብዕሩን እየነጠቀችኝ ስለሆነ እዚህ ላይ አበቃሁ።

አጎትሽ

ጭራሮዬ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ነኝ። የአጎትሽ ወሬ ሁሉ ስለ ሣጥን ነው። ትበያለሽ? ትተኛለሽ? የመኖሪያ ወረቀትሽስ ምን ደረሰ? ሳሌ ምንም አይደለም፤ የነዚህ የሲኒማ ቤት ግሳንግሶች አቧራ ነው። እናትሽ።


ጥቅምት 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው አሁንም፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስዘረጋና ሳጥፍ እውላለሁ። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ጫፍ ጓደኛዬ ይዘን እንገናኛለን፣ እንለያያለን። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንገናኝ ብቆጥር ኖሮ በዘመድ ብዛት የሚስተካከለኝ አይኖርም ነበር።

ቀለበቶቹን አገኘሁ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ሽማግሌ ያረጀ የራዲዮ ዕቃ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። ልኩን ስነግረው «ማነው የለካው?» አለኝ። አጎቴ ነው፣ ሦስት ጊዜ ለክቷል ስለው «ጥሩ አጎት» አለና መሰላል ላይ ወጥቶ አወረደልኝ። ቀለበቱ ሲጣበቅ ወረቀቱ ትክክል መሃሉን ካልያዘ ይፋተጋል ብሎኛል። እርስዎ ያውቁታል፣ ግን አደራ ስላለኝ ነገርኩዎ። ለብቻው በጥቅል ልኬዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ዘግየት ብሎ ይደርሳል።

የመኖሪያ ፈቃዴ መዝገብ ገና አልታየም። ጠበቃዬ ቁርጡን ነግራኛለች፤ ውሳኔ ሳይሰጠኝ ከዚህ አገር ከወጣሁ መዝገቡ ይዘጋል፣ መመለስም የለም። አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። ቢሆንም የእማዬ ነገር ከሳል ያለፈ ከሆነ ይንገሩኝ፤ መዝገቡን ጥዬ በሳምንቱ እመጣለሁ። የምሬን ነው።

ስልክ እንደማይሆንላት አውቃለሁ። ያኔ ስልክ ቤት ድረስ ሄዳ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ አልቅሳ መዝጋቷን አልረሳሁትም። ስለዚህ በጽሑፍ፣ እንደ በቀደሙ በራሷ እጅ፣ ሁለት መስመርም ቢሆን ትጨምርልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 6

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ጓደኛሽስ፣ ጠበቃሽስ፣ ሽማግሌው ባለሱቅስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን።

ቀለበቶቹ ደርሰዋል። ልካቸው ልክ ነው፤ ሽማግሌውን አመስግኚልኝ። እስካሁን አልጀመርኩም። ሰሞኑን እንግዳ በዝቶብን ሳሎኑ በወንበር ተሞልቶ ነበር፤ ስፒከሮቹንም ወደ ግድግዳው አስጠግተን የሰው ካፖርት ማስቀመጫ አድርገናቸው ከረምን።

እናትሽ «ውፍረት ጨምሬያለሁ፣ ቀሚሶቼ ሁሉ ጠበውኛል፤ ጭራሮ ግን ያው ጭራሮ እንደሆነች እጠረጥራለሁ በላት» ብላለች። እጇ ስለደከመ እኔ ነኝ የጻፍኩላት።

ወረቀትሽን ሳትይዢ ወዴትም እንዳትንቀሳቀሺ። ይህ የኔም የሷም ቃል ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 28

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። እርስዎ ስለ አንድ ብሎን አራት ገጽ የሚጽፉ ሰው ነዎት። ቀለበት ደርሶዎት አለመጀመርዎም ገርሞኛል። ምናልባት እኔ ብቻዬን ስሆን ነገር አበዛለሁ።

እማዬ ወፍራም ስትሆን ለማሰብ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ይልቅ የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣኝ፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ «አፍንጫሽን ወደ ሰውዬው አዙሪ» አለችኝ። እውነትም ሰውዬው እዚያ ነበር፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኛል። ወርጄ ሄጄ በስፒከሮቹ መካከል ዳበስኩ፤ ግድግዳ ብቻ ነበር። እርስዎ ሆድዎን ይዘው ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም፤ «አለ፣ አንቺ ስትጠጊው ነው የሚሄደው» አለችኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። እጇ ከደከመ አትጻፍ። በካሴት ድምፅዋን ይቅዱልኝ። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል። ብትቆጣኝም ግድ የለም፣ እርስዎን ስትቆጣም ቢሆን ግድ የለም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 24

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። የምጽፍልሽ ሥራዬን ስጨርስ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ጨርሻለሁ።

የበሰበሰውን ስፖንጅ በምላጭ ጫፍ ፍቄ ለማንሳት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ከዚያ አዲሱን ቀለበት ቀባሁት፣ አስቀመጥኩት፣ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። መቆንጠጫው ሃያ ሦስት ነበር፣ ካልሲዎቼ መሬት ላይ ደረቁ። የሣጥኖቹ ጀርባ ስለሰነጠቀ ጎረቤታችን አናጢው አዲስ ሠራልኝ። ከመዶሻ በፊት ውሃ ልክ የሚያወጣው ሰውዬ ነው፤ ስሙም ውሃ ልክ ሆኖ ቀርቷል። እንጨቱን በዘይት ሳሸው የሲኒማ ቤቱ ጭስ ሁሉ ለቅቆ ቀይ ዳማ መልኩ ወጣ። ቆንጆ ናቸው።

እናትሽ «ዘፋኙ መሃል ቆሟል፤ አጎትሽ እጁ አሁንም አልሳተም በላት» ብላለች።

ካሴቱን በተመለከተ፣ የመቅጃው ላስቲክ ረግቧል። ድምፁን ስለሚጎትተው የሰው ድምፅ የሰካራም ድምፅ ይመስላል። እንዲህ ሆኖ ልልክልሽ አልወደድኩም።

ጠበቃሽ ምን አለች? እሱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ


የካቲት 15

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንዴት ደስ እንዳለኝ! «ዘፋኙ መሃል ቆሟል» የሚለውን ለጓደኛዬ በቋንቋዋ አስረዳኋት። ምኑ እንደሚያስለቅሰኝ አልገባትም፣ ግን አንሶላውን ይዛ ጠበቀችኝ። ስንት ወር ስባንን የከረምኩት በከንቱ ነው ማለት ነው፤ እማዬ ወንበሯ ላይ ከተቀመጠች ሌላውን እችለዋለሁ።

ወንበሩ ያው እግሩ የሚወላገደው ነው? የትኛውን ሸክላ ነው የከፈቱላት? ስትሰማ እንደ ድሮው ዓይኗን ትጨፍናለች?

የመቅጃውን ላስቲክ ከሽማግሌው ገዝቼ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ። በሦስት ልክ ነው፣ አንዱ አይጠፋም። እንግዲህ ምክንያት የለም፤ ድምፅዋን እጠብቃለሁ።

መዝገቤ ቀጠሮ ተይዞለታል፤ የካቲት 29 ነው። ለእማዬ ይንገሩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 12

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ቀጠሮሽ እንዴት ሆነ? በየቀኑ ፖስታ ቤት ብቅ እላለሁ፤ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

ላስቲኮቹ ደርሰዋል፣ እገጥማቸዋለሁ። እናትሽ «በብስጭት ፀጉሯን እንዳትቆርጥ፤ ስትናደድ መቀስ እንደምታነሳ አውቃለሁ በላት» ብላለች።

አሁን የሚያስቅ ነገር ላውራሽ። ባለፈው እሑድ ውሃ ልክ «የሠራሁለትን ሣጥን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም» ብሎ መጣ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሸክላውን ከፈትኩ። ትንሽ ሰማና ዞር ብሎ ጀርባውን አየ። ከዚያ ጣሪያውን አየ። «ሰውዬው የት ነው ያለው?» አለኝ። «ፊት ለፊትህ ነዋ» ስለው «ፊት ለፊቴማ የለም። ወይ ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ወይ ወጥቶ ሄዷል። ወፍራሙም ድምፅ የለ፤ ይህን ያህል እንጨት የፈጀነው ለትንኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ተናደድኩ፣ አንተ ስለ እንጨት እንጂ ስለ ድምፅ ምን ታውቃለህ አልኩት። ሲሄድ ግን ከንክኖኝ የቀኙን ሣጥን ጀርባ ፈታሁት። ቀዩ ገመድ በጥቁሩ፣ ጥቁሩ በቀዩ ቦታ ተበይዷል። ከዘጋሁት ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነበር። አርባ ዓመት የሠራሁ ሰው፣ ወር ተኩል ያህል ተገልብጦ ከረመብኝ። ውሃ ልክ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶብኛል፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ቀይና ጥቁሩን እየጠየቀ ነው። ሳቂብኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 30

አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ከፈትኩት። ስለ ውሃ ልክ ሳነብ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን መቀመጫ ፈለግሁ።

ከጓዳ ሆና ያወቀች እናት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወር ተኩል ሙሉ አልሰማችም? ዘፋኙ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ «መሃል ቆሟል» አለች? እርስዎ በአንድ ጆሮ ስለሚሰሙ አይታወቅዎትም፤ እሷ ግን ይህን አትስትም።

እማዬ እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም።

ከኅዳር ወዲህ የመጡትን ደብዳቤዎች አውጥቼ አልጋዬ ላይ ደረደርኳቸው። የበዛው እንግዳ፣ የሰው ካፖርት፣ የደከመው እጅ፣ የረገበው ላስቲክ። የትኛውም ላይ ተቀመጠች አላሉኝም። በላች፣ ተኛች፣ ወጣች አላሉኝም። «ብላለች» ብቻ ነው የሚሉት። እኔ ነኝ የቀረውን የሞላሁት።

ወረቀቴን መጋቢት 6 አግኝቻለሁ። ለእማዬ የምሥራች ብዬ በካሴት ቀድቼ ልልክላት ነበር፤ ቀድቼውማ ነበር። ያስማለችዎት ነገር ካለ እንግዲህ ተፈትተዋል። ሌላ አልጠይቅዎትም። ቀኑን ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 16

የእህቴ ልጅ፣ የቀረሽኝ፣

ጥቅምት 27 ነው። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ሳሉ ሳል አልነበረም። ያን የመጀመሪያ ደብዳቤ በላክን በሳምንቱ ሐኪሙ የሳንባዋን የራጅ ፊልም መስኮት ላይ ለጥፎ አሳየን። እሷ እኔን አየችና «ይኼ ሰውዬ ከኔ ይልቅ አንተን ነው ያስደነገጠህ» አለችኝ። ደብዳቤሽ ሲደርስ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አነበብኩላት። «መዝገቡን ጥዬ እመጣለሁ» የምትይው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «እኔንም ሳታገኝ ወረቀቱንም ታጣለች። አራት ዓመቷን በኔ ሬሣ አላስበላም» አለች። አስማለችኝ። ከዚያ ደብተር አውጣ አለችኝ።

አራት መልእክት ነው ያስጻፈችኝ። ስለ ውፍረቷ፣ ስለ ስፒከሩ፣ ስለ ፀጉርሽ። ስለ ውፍረቷ ስታስጽፈኝ ክንዷን በሁለት ጣቴ መያዝ እችል ነበር። አራተኛውን በራሷ እጅ ጽፋ አጣጥፋ አሸገችው፤ ወረቀቷን ያገኘች ቀን ላክላት ብላለች። እነሆ ከዚህ ጋር አለልሽ፤ አልከፈትኩትም።

ቀለበቶችሽ የደረሱት በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ስፒከሮቹን አንድም ቀን አልሰማቻቸውም። «ዘፋኙ መሃል ቆሟል፣ አጎትሽ እጁ አልሳተም» ብላ ያስጻፈችኝ ገና ፍርፋሪያቸው ሳይነሳ ነው። «ካልሆነስ?» ስላት «አርባ ዓመት አይቼሃለሁ፣ ይሆናል» አለች። አምና ፈረደችልኝ። እኔም ሐሰት እንዳይሆንባት ሥራውን ሳልጨርስ መልእክቷን አልልክም ብዬ ጥር ድረስ ያዝኩት። መጨረሻው ላይ ግን ቸኮልኩ። አንቺ ምን ያህል እየጠበቅሽ እንደሆነ አውቅ ነበር። ቀይና ጥቁሩን ለመለየት የባትሪ ድንጋይ ገመዱ ላይ አስነክቶ ወረቀቱ ወደ ፊት መውጣቱን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም ጀማሪ ያደርገዋል። እኔ አላደረግኩም። ዘጋሁት፣ ሸክላውን ከፈትኩ፣ በአንዱ ጆሮዬ ያማረ መሰለኝ፣ ጻፍኩልሽ። እህቴ በሕይወቷ አንድ ቀን ተሳስታ ፈርዳ አታውቅም። ከሞተች በኋላ እኔ አሳሳትኳት።

ስለ ካሴቱ እንዳትጠይቂኝ ብዬ ወሬ ሳበዛ ነው ራሴን ያጋለጥኩት። ካሴት የለም። ላስቲኩን ገጥሜ ያለንን ካሴት ሁሉ አንድ በአንድ ሰማሁ። የዘፋኙ፣ የዜና አንባቢው፣ የአንቺ የልጅነት ለቅሶ፣ የኔ ሳል ሳይቀር አለ። እሷ የለችም። ሁልጊዜ ሰሚ ስለነበረች ማንም እሷን መቅዳት ትዝ አላለውም። ይህ ከሁሉም ይልቅ ይቆጨኛል።

ገመዱን አስተካክዬዋለሁ። ውሃ ልክ መጥቶ ሰምቶ «አሁን መሃል ነው» ብሏል። አላመንኩትም። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።

ልትቀየሚኝ መብትሽ ነው። ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ግንቦት 8

ለምወድዎት አጎቴ፣

ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ሰው ሲያለቅስ አይሰማም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ጓደኛዬ ግን አየችኝ፤ አንሶላውን ብቻዋን አጠፈችው፤ ጠማማ ሆነ፣ እንደዚያው ደረደረችው።

ተቀይሜያለሁ። አልዋሽዎትም። አፈር ሲጫንባት አልነበርኩም፤ እናንተ በሰው ካፖርት መካከል ስትቀመጡ እኔ አንሶላ ሳጥፍ ነበር። በየሳምንቱ ለሞተች እናቴ «ትብላ፣ ትተኛ» እያልኩ ስጸልይ ከረምኩ። ይህ ቶሎ አይለቀኝም። ነገር ግን ስድስት ወር ብቻዎን ተሸክመውት እንደከረሙም አይቻለሁ፤ እሱም ያንገበግበኛል።

የታሸገውን ከፈትኩት። የሷ እጅ ነው፣ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። እርስዎ ስላላነበቡት እዚህ ገልብጬልዎታለሁ።

«ጭራሮዬ፣ ወረቀትሽን ስላገኘሽ እልል ብያለሁ። አጎትሽን ብዙ አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስማልኩት። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሣጥኖቹን ሲጨርስ ብቻውን ነው የሚሆነው። አንድ ጆሮ ነው ያለው፣ ሰው ካልነገረው አያውቅም፤ ሰው መጠየቅ ደግሞ ያፍራል። መሃል ቆሟል ብዬ ያስጻፍኩት እንዳይፈራ ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን አውቄ። ስትመጪ ተቀመጪለት።»

አሳሳትኳት ያሉትን ይተዉት። ልትፈርድ አልነበረም የፈለገችው።

ሰኔ 3 ቀን ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ወደ መቃብሯ ይወስዱኛል። ከዚያ ወደ ቤት እንሄዳለን። ወንበሩን ከቦታው አያንሱት፣ እግሩንም ለውሃ ልክ አያሠሩት፣ እንደተወላገደ ይቆየኝ። ሸክላውን እርስዎ ይምረጡ። እኔ እቀመጣለሁ፣ እርስዎ ይገፋሉ።

የእህትዎ ልጅ